አዲሱ ዳታቤዝ ሰርቨር «አልገናኝም» ሲል፦ መጀመሪያ ቁጥሩን እይ

ይህ ኡቡንቱ ላይ ማይኤስኪውኤል 8 (የዳታቤዝ ፕሮግራም) ለጫነ ሰው ነው። ኬብሉን፣ የስዊቹን መብራትና ፒንጉን አይተሃል ብለን እንለፍ።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ላይ ይሠራል፣ ከካሸሩ ኮምፒውተር ግን አይገባም።

ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ባለሙያ የሚያስጠራው በብዛት ይኸው ነው። መልሱ ስህተቱ ላይ ተጽፏል፤ ግን ማን ያነበዋል! 2003 ካለ ዳታቤዙ ጋ ገና አልተደረሰም። በቅንፍ 10061 ካለበት (ከሊኑክስ ሲሆን 111) ማሽኑ ተገኝቷል፣ 3306 ፖርት (የማይኤስኪውኤል በር) ላይ የሚሰማ ግን የለም፤ ወይ አገልግሎቱ ቆሟል፣ ወይ ባይንድ አድሬስ (የሚሰማበት አድራሻ) እንደመጣ 127.0.0.1 ላይ ነው፣ ማለትም ከራሱ ማሽን ብቻ ይሰማል። 10060 (ወይም 110) ከሆነ ፋየርዎል (የኔትወርክ ዘበኛው) ውጦታል ወይም አይፒው ተቀይሯል። 1130 ማለት በሩ ላይ ደርሰሃል፣ ከዚያ አይፒ እንዲገባ የተፈቀደለት ተጠቃሚ ግን የለም። 1045 ስም፣ የይለፍ ቃል ወይም የመጣበት አድራሻ አልገጠመም ማለት ነው።

ቁጥሩን ያላየ ሰው ሁሉንም ይከፍተዋል፦ ባይንድ 0.0.0.0 (በሁሉም አድራሻ የሚሰማ)፣ ፋየርዎል ጠፍቶ፣ ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) በመቶኛ ምልክት ከየትም እንዲገባ ተፈቅዶ፣ የይለፍ ቃሉ 123456። «ሠራ» ተብሎ ሂሳብ ይቀበላል። ቆይቶ ባለቤቱ ሽያጩን ከቤቱ ማየት ያምረውና ራውተሩ ላይም 3306 ይከፈታል። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት የሚያስሱ ቦቶች (በራሳቸው የሚሠሩ ፕሮግራሞች) የሚጠብቁት ይህንን ነው። ጠዋት ዳታው የለም፤ «ቢትኮይን ላኩ» የምትል አንዲት ሠንጠረዥ ብቻ ተቀምጣለች። አትክፈል፤ ብዙ ጊዜ ሳይገለብጡ ነው የሚሰርዙት።

ማስተካከያው፦ ባይንድ አድሬስን የሰርቨሩ የውስጥ አይፒ አድርገው፣ ለምሳሌ 192.168.1.50። በዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል) 3306ን ለ192.168.1.0/24፣ ማለትም ለውስጥ ኔትወርኩ ብቻ ፍቀድ። በኤስኤስኤች ከርቀት የምትሠራ ከሆነ ፋየርዎሉን ከማብራትህ በፊት የኤስኤስኤችን ፖርት 22ን ፍቀድ፤ አለዚያ ራስህን ውጭ ትቆልፋለህ። ለፕሮግራሙ ከ192.168.1.% ብቻ የሚገባ የራሱ ተጠቃሚ ፍጠርለት፤ በራሱ ዳታቤዝ ላይ ማንበብ፣ ማስገባትና ማሻሻል ይበቃዋል። ሩት ያለ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደው ትእዛዝ) 1698 ቢልህ ብልሽት አይደለም፣ እንዲያ ነው የተሠራው፤ አትንካው። ባለቤቱ ከቤት ማየት ከፈለገ ዋየርጋርድ (ቪፒኤን፣ የተቆለፈ የርቀት መንገድ) ጫንለት።

ምልክት፦ ትናንት ይሠራ ነበር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ እምቢ አለ።

ራውተሩ ሲነሳ ሌላ አይፒ ሰጥቶት ይሆናል። ያኔ ካሸሮቹ የድሮውን አድራሻ እየጠሩ 10060 ይላሉ፤ ባይንዱም በድሮው አይፒ ስለተጻፈ አገልግሎቱ ራሱ አይነሳም። ሎጉ ላይ ፖርቱን መያዝ አልቻልኩም የሚል መስመር ታገኛለህ። ለሰርቨሩ ቋሚ አይፒ ስጠው። ይህም ተደርጎ የሚደገም ከሆነ ስዊቹ ገና ሳይነሳ ሰርቨሩ ቀድሞ እየተነሳ ይሆናል፤ ኔትወርኩ ሳይነሳ አገልግሎቱ ቀድሞ ይነሳና ይወድቃል። ሰርቨሩንም ስዊቹንም ራውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) ላይ ስካ። የድሬ ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ውድ ማከፋፈያ ነው፣ በየጊዜው ሶኬቱን ነቅለህ ፈትነው።

መብራት በድንገት ከጠፋ በኋላ ማይኤስኪውኤል ለመነሳት ቢዘገይ ታገስ፣ ራሱን እየጠገነ ነው። በፍጹም እንዳታጠፋው። የሎግ ፋይሎቹን እንዳትሰርዝ። ጨርሶ ካልተነሳ መጀመሪያ የዳታውን ፎልደር ሙሉ ገልብጥ፣ ከዚያ ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪን (ማይኤስኪውኤልን በግድ የሚያስነሳ ቅንብር) ከ1 ጀምር። 4 እና ከዚያ በላይ ዳታውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል።

አማርኛው የጥያቄ ምልክት ከሆነ፦ የግንኙነቱ የፊደል አቀማመጥ አማርኛን የማይዘው ላቲን1 ነው፤ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርገው። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ አይመለስም፣ እንደገና ይጻፋል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሲአር2032 ባትሪ ቀይር።

ከሰዓት በኋላ ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ፦ ፋኑን ፈትተህ አጽዳው፤ አቧራ ነው።