የደመናማ ሰማይ የኢንፍራሬድ ስሌትን ስናፋጥን የምንሳሳትባቸው ቦታዎች

ያሲ የሚባለው የኢንፍራሬድ መሣሪያ በአውሮፓ ሜቶፕ ሳተላይቶች ላይ ተጭኖ ምድርን በ8461 ቻናል (ጠባብ የሞገድ ርዝመት ክልል) ያያል። የትንበያ ሞዴል ይህን መረጃ ለመጠቀም ሳተላይቱ በየቻናሉ ምን ማየት እንደነበረበት ማስላት አለበት። ሰማዩ ጥርት ካለ እንደ አርቲቶቭ ያሉ ፈጣን የጨረር ማስሊያ ሞዴሎች ይህን በቀላሉ ይወጡታል። ደመና ሲገባ ግን ጨረሩ ከመመጠጥ አልፎ ይበተናል። ሰማዩም ግማሹ ተሸፍኖ ግማሹ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማፋጠን የግድ ነው። ጥያቄው ፍጥነቱን ምን ከፍለን እንደምናገኘው ነው።

ሳይለኩ መጀመር። ከጠቅላላው ጊዜ 20 በመቶ የሚወስደውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት እንኳ ፕሮግራሙ ከ1.25 እጥፍ በላይ አይፈጥንም። መጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚያልቅ ለኩ።

ደመናውን አማካይ ማድረግ። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሲታይ ምክንያታዊ ስለሚመስልም ብዙ ሰው ይገባበታል። አንድ የሞዴል ሳጥን (ሞዴሉ ከባቢ አየርን ከሚከፍልባቸው ክፍሎች አንዱ) ግማሹ ጥርት ያለ፣ ግማሹ ኦፕቲካል ውፍረቱ (ጨረርን የማገድ አቅሙ መለኪያ) 4 በሆነ ደመና የተሸፈነ ነው እንበል። አማካዩን 2 ብለን አንድ ጊዜ ብቻ ካሰላን፣ ደመናው ከታች የሚመጣውን ጨረር 86 በመቶ ያግዳል። ሁለቱን ለየብቻ አስልተን ውጤቱን ብናደባልቅ ግን የሚታገደው 49 በመቶ ብቻ ነው።

ልዩነቱን በሙቀት እንየው። መሬቱ 300 ኬልቪን፣ ደመናው 220 ኬልቪን ይሁን። አየሩንና መበተኑን ለጊዜው እንተዋቸው። በ11 ማይክሮሜትር ትክክለኛው መልስ 270 ኬልቪን ገደማ ነው፤ በአማካዩ የሚወጣው ግን 237 ነው። የ33 ዲግሪ ስህተት ማለት ነው! ጨረር ከውፍረት ጋር በቀጥታ መስመር ስለማይሄድ አማካይ የሚወሰደው ከጨረሩ እንጂ ከደመናው አይደለም።

መፍትሔው ሳጥኑን በንዑስ ዓምዶች መክፈል ነው። ዓምዶቹ ሲበዙ ዋጋው ይንራል፤ ስለዚህ ድርሻቸው እጅግ ትንሽ የሆኑትን መጣል ይቻላል። በ2003 የወጣው ማክአይካ የተባለው ዘዴ ደግሞ ለእያንዳንዱ የስፔክትረም ነጥብ በዕጣ አንድ ንዑስ ዓምድ ይሰጣል። ውጤቱ ወደ አንድ ወገን አያደላም፤ ጫጫታ (ከዕጣው የሚመጣ መዋዠቅ) ግን አለው። የብዙ ነጥቦች ድምር ለሚሆነው የሞዴል ፍላክስ (በአንድ ስፋት የሚያልፍ ጠቅላላ የጨረር ኃይል) ጥሩ ነው። የአንድ ሳተላይት ቻናልን ለማስላት ግን አልመክረውም።

መበተንን በአንድ ዘዴ መጨረስ። ቹና ባልደረቦቹ በ1999 ያቀረቡት ማቃለያ መበተንን እንደ መምጠጥ ይቆጥረዋል። ወደ ኋላ የሚበተነውን ድርሻ ብቻ ወስዶ በመምጠጡ ላይ ይደምራል። እጅግ ርካሽ ነው፤ ወፍራም የውኃ ደመና ላይ በደንብ ይሠራል። የበረዶ ቅንጣት ያለበት ስስ ደመና ላይ ግን ስህተቱ ይጎላል። በ3.7 ማይክሮሜትር አካባቢ ቀን ላይ ከደመና የሚንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃንም አይዝም። ብዙዎች በውኃ ደመና ይፈትኑትና «ይሠራል» ብለው ያልፋሉ።

መበተኑን በብዙ አቅጣጫ በዝርዝር በሚያሰላው በዲስክሪት ኦርዲኔት ዘዴ ሁሉንም ቦታ ማስላትም ሌላኛው ጽንፍ ነው። የዚህ ዘዴ ወጪ በጨረር አቅጣጫዎቹ ቁጥር ኩብ መጠን ያድጋል፤ ከ8 ወደ 16 መሄድ ሥራውን ወደ 8 እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። አርቲቶቭ ሁለቱንም አማራጮች ይሰጣል። ከባዱን ለሚያስፈልገው ደመና ብቻ አቆዩት።

ስሌቱን ማራራቅና መርሳት። ጨረር ውድ ስለሆነ የአየር ትንበያ ሞዴሎች አልፎ አልፎ፣ ሰፋ ባለ መረብ ላይ ያሰሉታል። ችግሩ ጎልቶ የሚታየው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ለባሕሩ የተሰላው ጨረር ለሞቃቱ መሬት ይሰጣል። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ተመራማሪዎች መላውን ስሌት ሳይደግሙ፣ በየነጥቡ የመሬቱን ሙቀት ተከትሎ ፍላክሱን የሚያርም ርካሽ ማስተካከያ ሠርተዋል።

ከ64 ቢት ወደ 32 ቢት የቁጥር ትክክለኛነት በጭፍን መውረድ። ፍጥነቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ኦፕቲካል ውፍረቱ ከመቶ ሚሊዮን አንድ ያህል በሆነ ቀጭን ንብርብር ላይ፣ ከ1 ላይ ኤክስፖኔንሻሉን (የሚያልፈውን የጨረር ድርሻ) ስትቀንሱ ኮምፒውተሩ ባዶ ዜሮ ይሰጣችኋል። ውጤቱን መልሳችሁ ለውፍረቱ ስታካፍሉ 1 መሆን የነበረበት ዜሮ ይሆናል። ፕሮግራሙ አይወድቅም፤ ዝም ብሎ ይሳሳታል። ለትንንሽ ቁጥሮች የተዘጋጀውን ኤክስፒኤም1 የተባለ ፈንክሽን ወይም የቴይለር ተከታታይ ተጠቀሙ።

ኒውራል ኔትወርክን በአማካይ ስህተቱ ማመን። ዘገምተኛውን ዝርዝር ሞዴል እንዲተካ የሠለጠነው ኔትወርክ ጨረሩን ጥሩ አድርጎ እየገመተ፣ ጨረሩ ለሙቀትና ለእርጥበት ያለውን ስሜት (እነሱ ትንሽ ሲለወጡ ጨረሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ) ግን ሊያበላሽ ይችላል። የሳተላይት መረጃን ከትንበያ ጋር የሚያዋህደው ሥርዓት ደግሞ የሚፈልገው ያንን ስሜት ነው። ስለዚህ ያንን ስሜት የሚለካውን ዴሪቬቲቭ ለብቻው ከዘገምተኛው ሞዴል ጋር አስተያዩ። ፈተናውንም ለጥርት ሰማይ፣ ለወፍራም የውኃ ደመና፣ ለስስ የበረዶ ደመናና ለተደራረቡ ደመናዎች ለያይታችሁ አድርጉት፤ ከየምድቡም ትልቁን ስህተት ከአማካዩ ጎን ጻፉ።