በድሬዳዋ ፀሐይ ሃይድሮጂን ማምረት፦ ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ

ከጅቡቲ ወደብ የምናስገባው ዩሪያ ከአሞንያ፣ አሞንያው ደግሞ ከሃይድሮጂን ይሠራል። 1 ኪሎ ሃይድሮጂን ከተፈጥሮ ጋዝ ሲወጣ 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ውሃ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ሲከፈል ግን አብሮ የሚወጣው ኦክስጅን ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ቮልቱ ላይ ነው። የ50 ዋት ፓነል ጀርባው ላይ 18 ቮልት ይላል። አንድ ሴል (ኤሌክትሮድ የሚባሉ ሁለት ብረቶች ተነክረውበት ውሃው የሚከፈልበት ዕቃ) 2 ቮልት ገደማ ስለሚፈልግ 9 ሴል በተከታታይ ማሰር ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው። በድሬ ቀትር ፓነሉ 60 ዲግሪ ሲግል ወደ 15.5 ቮልት ይወርዳል፤ ለአንድ ሴል 1.7 ብቻ ይደርሰውና ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት አረፋው ይሳሳል። 7 ሴል እሰሩ።

የቧንቧ ውሃችን ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ኔጋቲቩ ኤሌክትሮድ ላይም ይለጠፋል። ዲስቲልድ ውሃ ተጠቀሙ። የገበታ ጨው ፈጽሞ አትጨምሩ፤ መርዛማ ክሎሪን ያወጣል።

ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ለእያንዳንዱ ሴል 100 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ወደ 900 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ይረጫል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፤ አልሙኒየም ይበላል።

በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ጋዞቹን የሚለየው የፒቪሲ ቧንቧ ነው። አናቱን ድፈኑና ቀጭን ጎማ አውጡለት። ወደ ታች መስኮት ቁረጡና ጥቅጥቅ ባለ የናይለን ጨርቅ ሸፍኑት፤ ፖሊስተር ሶዳው ይበላዋል። የስቴንለስ ኔጋቲቩን ከውስጥ፣ ፖዘቲቩን ከውጭ መስኮቱ ትይዩ አቁሙ። የመስኮቱ አናት ከውሃው ወለል 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ሰባቱን ጎማዎች አገናኝታችሁ ጫፉን ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ አጥልቁ። ጥልቀቱ 5 ከደረሰ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ እስከ መስኮቱ ይገፋል፤ ሃይድሮጂኑም በጨርቁ ሾልኮ ከኦክስጅኑ ጋር ይቀላቀላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

ሃይድሮጂን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ይቀጣጠላል፤ ወደ ላይም ስለሚወጣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይጠራቀማል። ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን። ቧንቧዎቹ ውስጥ የነበረው አየር እስኪወጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ጋዝ ልቀቁት። ከዚያ አንዲት የሙከራ ቱቦ ብቻ ሙሉና ከመሣሪያው ርቃችሁ ክብሪት አስጠጉ። ሹል ፉጨት ካሰማ አየር አለበት፤ ለስ ያለ «ፕፍ» ካለ ንጹሕ ነው። ሲሊንደርም ሆነ ፊኛ አትሙሉ።

አምፔሩ 1 ከሆነ በድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት እያንዳንዱ ሴል በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ሰባቱ 3.5 ሊትር ይሰጣሉ። ለ1 ኪሎ ሃይድሮጂን ሲሰላ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ 59 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ፋብሪካዎች ከ50 እስከ 55 ይፈጃሉ። ኪሎው መልሶ የሚሰጠው 33 ነው። ስለዚህ ለምጣድ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ተጠቀሙ፤ ሃይድሮጂኑ ለማዳበሪያና ለብረት ማቅለጫ ይዋል።

ሴሉ ሲጎድል ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምሩ፤ ሶዳው አያልቅም።