ወይራ ቦንሳይ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቦንሳይ ሲባል ብዙ ሰው ልዩ የዛፍ ዘር ይመስለዋል። አይደለም። ቃሉ የጃፓንኛ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ዕቃ የተተከለ እንደማለት። እኔ ደሴ የማሳድገው ወይራ ነው። አገሩ ሁሉ ወይራ ሆኖ ሳለ ሌላ ምን ፍለጋ እሄዳለሁ? እናቴ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። «ወይራ የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው እንጂ ለሳህን ምን ይሠራል?» ትላለች። እስካሁን አራት ገድያለሁ። የደረቁትን እሷ ሰብስባ ዕቃዋን አጥናባቸዋለች፤ ስለዚህ በሷ ሂሳብ ኪሳራ የለም። እነዚያ አራቱ የሞቱባቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

የሜፕልን ትምህርት ለወይራ መስጠት

ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ያ ቀይ ቅጠል ያለው ውብ ዛፍ የጃፓን ሜፕል ነው። ሜፕል ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት፣ ለወራት የሚቆይ ብርድ ይፈልጋል። የከሰዓት ፀሐይ ቅጠሉን ስለሚያቃጥለው ጥላ ያበጁለታል። ወይራ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ፀሐይም ይወዳል። ሳሎን ውስጥ ቲቪ አጠገብ ካስቀመጣችሁት ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፤ ቅርንጫፉ ይቀጥናል፣ ቅጠሉ ይራራቃል። ቦታው ደጅ ነው።

ዋልካ መጠቀም

የመጀመሪያዋን ወይራዬን የተከልኳት ከጓሮ በዛቅሁት ጥቁር አፈር ነበር። እህል ያበቅል የለ? ያበቅላል፣ ግን ማሳ ላይ። ጥልቀቱ አንድ ስንዝር በማይሞላ ዕቃ ውስጥ ዋልካ ሲርስ ጭቃ ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ። ሥሩ አየር ያጣል። ዛፏን ስነቅላት ሥሯ ጠቁሮ፣ ሲነኩት ቅርፊቱ እየተላጠ ይወጣ ነበር። ሽታውን አልነግራችሁም።

አሁን የምጠቀመው ለብሎኬት መሥሪያ የሚመጣውን ፑሚስ፣ ያን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በወንፊት ነፍቼ ዱቄቱን እጥላለሁ፤ የሽንብራ ፍሬ የሚያህለውን አስቀራለሁ። ከሱ ሦስት እጅ፣ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት አንድ እጅ። ውኃ ስታፈሱበት ወዲያው ከታች መውጣት አለበት። ካልወጣ አልነፋችሁትም ማለት ነው።

ከታች ጠጠር መደልደል

ይህን ሁሉም ሰው ይመክራል፤ እኔም አምኜበት ነበር። ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ይዞት ይቆያል። ጠጠር ስትጨምሩ ያ ጨቅየት ያለው ክፍል ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ይጠጋል እንጂ አይጠፋም። በጥልቅ ማሰሮ ቢሆን ችላ ይባል ነበር፤ በሳህን ግን ያው ሥሩን ነው የምታጠልቁት። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት አፈር ይሁን፣ ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ይበቃል።

በሰዓት ማጠጣት

«በቀን ስንት ጊዜ ላጠጣ?» ይሉኛል። መልስ የለኝም። አንዲት ስንጥር አለችኝ፣ አፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ እንደተሰካች ናት። ጠዋት መዝዤ ከንፈሬ ላይ አስነካታለሁ። ከቀዘቀዘች እተወዋለሁ፣ ደረቅ ከሆነች አጠጣለሁ። በግንቦት ፀሐይ በየቀኑ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ ላይ ሳምንት ሙሉ ጣሳ አላነሳም።

ስታጠጡ ደግሞ አትቆጥቡ። ከቀዳዳው እስኪፈስ አፍሱ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ድገሙት። ከላይ ብቻ ረጠብ ረጠብ ማድረግ ታችኛውን ሥር በጥም መግደል ነው። ክረምት ሲገባና ዝናቡ አላባራ ሲል ሳህኑን በአንድ ጎኑ ድንጋይ አስደግፉት። ዘመም ሲል የቀረው ውኃ በዝቅተኛው ቀዳዳ ይወጣል። ከዛፉ ዕቃ ሥር ውኃ መቀበያ የተቀመጠ ሌላ ሳህን ካለም ውኃውን ድፉት፤ ውኃ ያቆረ ነገር ላይ አታስቀምጡት።

ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ

ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ የሞቱት በዚህ ነው። እሁድ ቀን፣ ከበረካ በኋላ፣ ጉልበቴ ሲበዛ። ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፣ በሽቦ ጠመዘዝኩ፣ ሥር ከርክሜ ዕቃ ቀየርኩ፣ ላበርታት ብዬ ዩሪያ ነሰነስኩ። በሦስት ሳምንት ቅጠል አልቀረም።

ዕቃ የሚቀየርበት ዓመት ሌላውን ሥራ ተዉት። ከሥሩ አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢነሳ ይበቃል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጥላ ያለበትና ነፋስ የማያገኘው ቦታ፤ ማዳበሪያ ደግሞ ወር ተኩል እስኪያልፍ የለም። የተቆረጠ ሥርን ዩሪያ ያቃጥለዋል። ጊዜው የካቲትና መጋቢት ነው፣ ብርዱ ለቀቅ አድርጎ በልግ ሲመጣ። ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ውርጭ ሲያድር፣ ሥር አትንኩ። ኮምቦልቻዎች ከኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ስላላችሁ ትንሽ ብትቀድሙ ችግር የለውም።

ወፍራሙን ቅርንጫፍ ለማጠፍ መታገል

ወይራ ጠንካራ እንጨት ነው። ከአውራ ጣት የወፈረውን በጉልበት ካጠፋችሁት ቀጭ ይላል። እርሳስ ያላከለውን ለጋ ምረጡ። የሽቦው ውፍረት የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን፣ በሰያፍ ይጠምጠም። ወፍራሙን ቁረጡት፤ ወይራ ከአሮጌ ግንድ አዲስ ቀንበጥ ማውጣት ያውቅበታል።

ሽቦውን በየሁለት ሳምንቱ እዩት። ቅርፊቱ ውስጥ መስመጥ ከጀመረ በዚያው ዕለት ይውጣ። ጠምዝዛችሁ አታውጡት፤ በፒንሳ በየዙሩ ቆርጣችሁ አንሱት። ሽቦው ውድ ነው ብዬ ልፈታው ስታገል፣ አራተኛዋን ዋና ቅርንጫፏን ገንጥዬ ነው የገደልኳት።