እምነትን በውድድር ሜዳ ላይ መግለጽ፦ ለክርስቲያን አትሌቶችና አብረዋቸው ለሚሠሩ

ነሐሴ 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ምሽት በለንደን ኦሎምፒክ የሴቶች 5,000 ሜትር ፍጻሜ ሲጠናቀቅ መሠረት ደፋር በ15 ደቂቃ ከ04.25 ሰከንድ አንደኛ ሆና ገባች። መስመሩን ካለፈች በኋላ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የሚያሳይ ሥዕል ከማልያዋ ውስጥ አወጣች፤ ለካሜራ አሳየችው፤ ፊቷ ላይ አስጠግታም አለቀሰች። ጾመ ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ መሆኑን ለሚያውቅ ምእመን ትዕይንቱ ማብራሪያ አያስፈልገውም ነበር፤ ፍልሰታን ሰምቶ የማያውቀው የውጭ ተመልካችም ቢሆን ይህች ሴት ምስጋናዋን ለማን እንደምታቀርብ ለመረዳት አልተቸገረም።

ብዙ ሰው ያንን ቅጽበት የሚያስታውሰው እንደ ድንገተኛ የስሜት ግንፋሎት ነው። ሆኖም ሥዕሉ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል አብሯት ሮጧል፤ ማለትም ከውድድሩ በፊት ታስቦበት ማልያዋ ውስጥ ገብቷል። የወጣውም ሩጫው ካለቀ በኋላ ነው፤ ማልያዋ ላይ አልተለጠፈም፤ ማንንም አልነካም፤ በጥቂት ሰከንዶችም ተጠናቀቀ። እምነቱን በአደባባይ መግለጽ የሚፈልግ አትሌት ምን እንደሚያደርግ፣ መቼና የት እንደሚያደርገው ቤቱ ሆኖ ሊወስን ይገባል፤ ምክንያቱም የልብ ምት በደቂቃ ከመቶ ሰማንያ በላይ በሚመታበት ሰዓት ደንብ አይታሰብም።

ደንቡ በየስፖርቱ ይለያያል

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የኦሎምፒክ ቻርተር 50ኛው ደንብ ነው። ይህ ደንብ በኦሎምፒክ ስፍራዎች ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ዘርን የተመለከተ ሰልፍና ቅስቀሳ ይከለክላል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ማብራሪያ ነገሩን በመጠኑ አላልቶታል፦ አትሌቶች ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት፣ ጋዜጠኞች በሚጠብቁበት መተላለፊያ፣ በጋዜጣዊ መግለጫና በማኅበራዊ ሚዲያ ሐሳባቸውን መግለጽ ይችላሉ፤ በውድድሩ መካከልና በሽልማት ሰገነቱ ላይ ግን እንደ ቀድሞው አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ባንዲራ በሚሰቀልበት ሰዓት ሥዕል ወይም ጽሑፍ ለማሳየት ያሰበ ሰው ሐሳቡን ይለውጥ፤ ሌላ የሚበቃ ጊዜና ቦታ አለለት።

በተግባር የሚታየው ይህ ነው፦ ማማተብ፣ መንበርከክ ወይም እጅን ወደ ሰማይ ማንሣት በአትሌቲክስ ሜዳ በየቀኑ የሚደረግ በመሆኑ ማንም አይጠይቅበትም፤ በመሣሪያ ወይም በልብስ ላይ የተጻፈና የተሣለ ነገር ግን ይያዛል። በ2024 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኦሎምፒክ ብራዚላዊው የማዕበል ተንሸራታች ዣዋው ሺያንካ የሪዮውን የክርስቶስ ሐውልት ያሣለበትን ሰሌዳ እንዳይጠቀም ተነግሮት በሌላ ለመወዳደር ተገዷል። በዚያው ኦሎምፒክ የአገሩ ልጅ የሆነችው የአሥራ ስድስት ዓመቷ ራይሳ ሌያል በስኬትቦርድ ውድድር ካሜራው ወደ እርሷ ሲዞር «መንገድና እውነት ሕይወትም ኢየሱስ ነው» የሚለውን ቃል በምልክት ቋንቋ ተናገረች፤ የነሐስ ሜዳሊያዋንም ይዛ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልጅቱ የሁሉም መምህር የምትሆን ይመስለኛል፤ ቃሏ ሙሉ ነበር፤ ልብሷ ላይ ግን የዚያ ቃል አንዲት ፊደል አልነበረችም።

ይሁን እንጂ «ምልክት ያልፋል፣ ጽሑፍ ይያዛል» የሚለው ለሁሉም ስፖርት አይሠራም። በፓሪስ የተወዳደረው ሰርቢያዊ ጁዶካ ኔማንያ ማይዶቭ ወደ ምንጣፉ ሲገባ በማማተቡ ምክንያት ለአምስት ወር እንደ ታገደ ተናግሯል፤ ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን ደግሞ ሌሎች ጥፋቶችም እንደ ነበሩበት ገልጿል። የቱም ሚዛን ቢደፋ፣ ለሯጭ የተፈቀደው ለጁዶካ እንደማይፈቀድ ማሳያ ነው። ስለዚህ የራስን ስፖርት የዲሲፕሊን ደንብ ከጓደኛ ወሬ ሳይሆን ከፌዴሬሽኑ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ጠይቆ ማንበብ ያስፈልጋል። ዛሬ እንደ መሠረት ደፋር ሥዕል ይዛ ለመሮጥ የምታስብ አትሌትም ለቡድን መሪዋ አስቀድማ ብትነግር ይሻላል፤ ክልከላ ካለ ከሩጫው በፊት ቢሰማ ከሩጫው በኋላ ከመሰማቱ ይቀላል።

በእግር ኳስ ጉዳዩ ከሁሉም የጠበቀ ነው። ብራዚላዊው ተጫዋች ካካ በ2007 እ.ኤ.አ. ክለቡ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ በወሰደበት የአቴንስ ምሽት «የኢየሱስ ነኝ» የሚል የውስጥ ልብስ ለብሶ በጉልበቱ ተንበርክኮ የታየበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። በ2009 እ.ኤ.አ. ብራዚል የኮንፌዴሬሽን ዋንጫን ጆሃንስበርግ ላይ ስታነሣ ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው መጸለያቸውና ተመሳሳይ ጽሑፎች ማሳየታቸው ከዴንማርክ ቅሬታ አስነሣ፤ ፊፋም ለብራዚል ማሳሰቢያ ላከ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ በማያሻማ ቃል ተጽፏል፦ በማልያም ሆነ በውስጥ ልብስ ላይ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም ግላዊ መልእክት ማሳየት አይቻልም። ማልያን ማውለቅ ራሱ ቢጫ ካርድ ያሰጣል፤ ጎሉ ቢሰረዝ እንኳ ካርዱ አይሰረዝም። እንዲህ ከሆነ ጎል ያስቆጠረ ተጫዋች የቀረው ነገር ቀላልና የማይከለከል ነው፦ መንበርከክ፣ ማማተብ፣ ጣትን ወደ ላይ ማንሣት፣ ከዚያም ቶሎ ብሎ ወደ መሐል ሜዳ መመለስ።

የማተብ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት፤ በእኛ ዘንድ ጭቅጭቅ የሚፈጥረው እርሱ ነውና። የእግር ኳሱ ሕግ ማናቸውንም የአንገት፣ የእጅና የጆሮ ጌጥ ይከለክላል፤ በፕላስተር መሸፈንንም አይፈቅድም። «ማተብ ጌጥ አይደለም» የሚለው ክርክር በነገረ ሃይማኖት ትክክል ነው፤ ዳኛው ግን የሚያየው በአንገት ላይ የታሰረ ክርን ነው፤ ሥጋቱም ክሩ በትግል መካከል ተይዞ አንገት እንዳይጎዳ ነው። ተጫዋቹ በሜዳው በር ላይ ቆሞ ከሚከራከር ይልቅ ለጨዋታ ጊዜ ብቻ ስለ መፍታት ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ በመልበሻ ክፍል ፈትቶ ንጹሕ መሐረብ ውስጥ በመጠቅለል ለሚያምነው ሰው ይስጥ፤ ጨዋታው እንዳለቀ ይሰረው። ሯጮች ይህ ችግር የለባቸውም። እነርሱ ሊጠነቀቁ የሚገባው ከባድ የብረት መስቀል በረጅም ክር ማንጠልጠልን ነው፤ በመጨረሻው ዙር ደረትን እየደበደበ ሐሳብ ይበትናል። አጭር ክርና ቀላል የእንጨት መስቀል ይበቃል።

ከመስመሩ በፊት አይደለም

ሩጫ የሚያበቃው ደረት መስመሩን ሲያቋርጥ እንጂ ሕዝቡ መጮኽ ሲጀምር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. በሮም የአውሮፓ ሻምፒዮና ስፔናዊቷ ላውራ ጋርሲያ ካሮ በ20 ኪሎ ሜትር እርምጃ ሦስተኛ መሆኗን እርግጠኛ ሆና ደስታዋን ስትገልጽ፣ የዩክሬኗ ተወዳዳሪ መስመሩ ጥግ ደርሳ ቀደመቻት። ነገሩ ከእምነት ጋር አይገናኝም፤ ትምህርቱ ግን ለሚያማትብም ያው ነው። እጅ ከሩጫ ምቱ ከወጣ ፍጥነት ይቀንሳል። ከመስመሩ በኋላ ሦስትና አራት እርምጃ ሮጦ፣ ከኋላ ለሚመጡት መንገድ ለቆ፣ ከዚያ ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ በሙሉ እጅ ማማተብ ይቻላል። ችኮላ የበዛበት ማማተብ ዝንብ የሚያባርር ሰው እንደሚያስመስል በቴሌቪዥን ያየ ያውቃል። መሬት ላይ መስገድ የሚፈልግም ከትራኩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይውጣ፤ መስመሩ ላይ የተደፋ ሰው ሌላውን ሯጭ ይጥላል።

በብሔራዊ ቡድን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲያማትብ ሌላው ይሰግዳል። የቡድን ጸሎት የሚያዘጋጅ ሰው ማንም ሳይፈልግ በክቡ ውስጥ እንዳይቆም ይጠንቀቅ። አሠልጣኝ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ አሰላለፍ የሚወስን ሰው «እንጸልይ» ሲል ግብዣው ትእዛዝ ይመስላልና።

ማይክሮፎን ፊት

አብዛኛው አትሌት እምነቱን በቃል የሚገልጸው ላቡ ሳይደርቅ በሚደረግለት አጭር ቃለ መጠይቅ ነው፤ ብዙ የሚበላሸውም እዚያ ነው። ሯጯ በአማርኛ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፈጣሪዋን፣ እመቤታችንንና የሰፈሯን ደብር አመስግና ስትጨርስ አስተርጓሚው «በጣም ደስ ብሏታል» ብሎ ያልፈዋል። ጥፋቱ የአስተርጓሚው ብቻ አይደለም፤ ጋዜጠኛው የጠየቀው ስለ ሩጫው ነበር። መፍትሔው ምስጋናውን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ማስቀደምና ወዲያው የተጠየቁትን መመለስ ነው፤ ለምሳሌ፦ «ጤናና ብርታት የሰጠኝን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ፍጥነቱ ሲጨምር ከኋላ የቆየሁት ከአሠልጣኜ ጋር ስለተነጋገርንበት ነው።» እንዲህ ሲባል ሁለቱም አብረው ይተረጎማሉ፤ ቆርጦ ለማውጣትም አይመቹም።

አስተርጓሚውን ከውድድሩ በፊት አግኝቶ የሚነሡ የቅዱሳን ስሞችን መንገር ጠቃሚ ነው። በተለይ ቅዱስ ጊዮርጊስን የሚያመሰግን ሰው ይህን አይርሳ፤ የእግር ኳስ ክለቡን ያመሰገነ መስሎት የሚጽፍ የውጭ ጋዜጠኛ ሊያጋጥም ይችላል።

የቃሉ ይዘትም ሊታሰብበት ይገባል። «እግዚአብሔር አሸናፊ አደረገኝ» ማለት የእምነት ቃል ነው፤ «እኔን ስለመረጠኝ እነርሱ ተሸነፉ» ማለት ግን በተሸናፊዎች ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ከጎኗ የሮጠችው ኬንያዊት ያን ጠዋት ተንበርክካ ጸልያ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም በላይ ሰው የሚታዘበው አሥራ ሁለተኛ በወጡ ቀን የሚባለውን ነው። ያን ቀን የምትነገር «ተመስገን» አጭርም ብትሆን የአሸናፊነቱን ቀን ምስጋና ተአማኒ ታደርገዋለች፤ ስለዚህ እርሷም አብራ ትዘጋጅ።

ስልክና ውል

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፈውን ፌዴሬሽኑም፣ ክለቡም፣ ስፖንሰሩም ያነብባል። አውስትራሊያዊው የራግቢ ተጫዋች እስራኤል ፎላው በ2019 እ.ኤ.አ. ግብረ ሰዶማውያንን ጨምሮ ልዩ ልዩ ሰዎችን ገሃነም ይጠብቃቸዋል የሚል መልእክት በኢንስታግራም በመለጠፉ የአገሪቱ ራግቢ አካል ውሉን አቋረጠ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በስምምነት ተዘጋ። አንዳንዱ የእምነት ነፃነቱ ተነካ ይላል፤ ሌላው ውሉን ጥሷል ይላል። ለአትሌቱ የሚጠቅመው ከመለጠፉ በፊት የውሉን የሥነ ምግባር አንቀጽ ማንበቡ ነው፤ ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ማኔጀሩ ሳይሆን ሌላ የሚያምነው ሰው ይተርጉምለት። ስለ ራስ ጾም፣ ጸሎትና ምስጋና መጻፍ በራሱ እምብዛም ክርክር አያስነሣም፤ ክርክሩ የሚመጣው ጣት ወደ ሌላ ሰው ሲቀሰር ነው። ይህን እያወቀ ሊጽፍ የወሰነ ሰውም መብቱ ነው፤ ዋጋውን ግን አስቀድሞ ይወቅ።

ውድድሩ በሰንበት ሲውል

እምነት በአደባባይ የሚገለጸው በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም ነው። ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊድል በ1924 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ በመዋሉ አልሮጥም አለ፤ በምትኩ 400 ሜትር ሮጦ በ47.6 ሰከንድ ወርቅ ወሰደ። ስለ እርሱ በተሠራው ፊልም እንደሚታየው ነገሩን የሰማው መርከብ ላይ ሲሳፈር አልነበረም፤ መርሐ ግብሩን ከወራት በፊት ስላወቀ ለ400 ሜትር የሚዘጋጅበት ጊዜ አግኝቶ ነበር።

ዛሬ ታላላቆቹ ማራቶኖች አብዛኞቹ እሑድ ይካሄዳሉ፤ ቦስተን ብቻ ሰኞን ይዛለች። ቅዳሜን በሰንበትነት የሚጠብቅ አትሌት ደግሞ በትራክ ፍጻሜዎች ይፈተናል። ስለዚህ ማኔጀሩ ውል ከመፈረሙ በፊት የውድድሩን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ያቅርብ፤ አትሌቱም የማይሮጥበት ቀን ካለ ያኔውኑ ያስታውቅ። በእሑድ ለመሮጥ የወሰነም ኪዳን ለማድረስ ወይም ለመጸለይ የሚሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ከተማው ሳይገባ ያፈላልግ፤ በብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች በአማርኛ የሚቀደስባቸውና የሚዘመርባቸው አጥቢያዎች አሉ። የማራቶን ቀን መንገድ ስለሚዘጋ ግን የሚሄደው ቅዳሜ ማታ መሆኑን ያስብ፤ እሑድ ማለዳማ አውቶቡሱ ወደ መነሻው የሚወስደው ገና ሳይነጋ ነው።