የኦ-ክፍል መማሪያን ስናደራጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ አንደኛ ትምህርትን የሁለት ዓመት አድርጎታል፤ ስለዚህ ቀድሞ የስድስት ዓመት ልጆችን በማሰብ የተደራጁ የኦ-ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የመዘጋጃ ክፍል) መማሪያዎች የአምስት ዓመት ልጆችንም መቀበል አለባቸው። እነዚህ ክፍሎች ብዙውን ጊዜ ለትልልቅ ተማሪዎች ተሠርተው በኋላ ለሕፃናት የተለቀቁ ናቸው፤ ወደ እነርሱ ከሚመጡት ልጆችም ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በቀን ሥራ፣ በጉሊት ወይም በልብስ አጠባ የሚተዳደሩ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ለክፍሉ ጥቂት ገንዘብ ወይም እርዳታ ሲያገኝ የሚፈጸሙት ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው።

ከሁሉም የሚከፋው መጫወቻን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። አንድ ጊዜ በጎበኘሁት ክፍል ውስጥ በእርዳታ የመጡ የእንጨት ብሎኬቶች ላስቲካቸው እንኳ ሳይቀደድ በመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድረው ነበር፤ አንዲት ልጅ ከውጭ ቆማ የብሎኬቶቹን ጠርዝ በጣቷ መስታወቱ ላይ ትከተል ነበር። መምህርቷን ስጠይቃቸው ዕቃውን ሞዴል 22 በተባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ላይ ፈርመው እንደተረከቡና ቢጎድል ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ እንደሚሰጉ ነገሩኝ። ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረም። መጫወቻ ገና ወደ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ርእሰ መምህሩና የንብረት ክፍሉ ተነጋግረው እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት ሁሉ በአላቂ ዕቃነት እንዲመዘገብ ቢያደርጉ መምህር ሳይሰጉ ይከፍቱታል። ከዚያ በኋላ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ ለእያንዳንዱም ዓይነት አንድ ጣሳ ወይም ቅርጫት ማዘጋጀትና የዕቃውን ሥዕል በላዩ መለጠፍ ብቻ ይቀራል፤ ልጆቹ ጨዋታ ሲያበቃ ራሳቸው ቆጥረው ይመልሳሉ፣ ቆጠራውም ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከላይኞቹ ክፍሎች የተረፈ ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫውና ጠረጴዛው የተያያዘ) ለሕፃናት መስጠት ነው። እግሩ መሬት የማይነካለት ልጅ ይንሸራተታል፣ ይቁነጠነጣል፣ ተነሥቶም ይዞራል፤ በዚህም ምክንያት ረባሽ ተብሎ ይቆጠራል። ለዚህ ዕድሜ እንደ ልጁ ቁመት የመቀመጫው ከፍታ ከ26 እስከ 31፣ የጠረጴዛው ደግሞ ከ46 እስከ 53 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ተስማሚ ነው። የአሮጌው ዴስክ እግር ብረት ከሆነ በያጅ፣ እንጨት ከሆነ አናጢ በዚሁ ልክ ሊቆርጠው ይችላል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የክፍሉን አንድ ጥግ ባዶ ትቶ ሰሌን ማንጠፍ ይሻላል፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ለመመለስ ወንበር አያስፈልግምና።

በጀቱን ግድግዳ በማስቀባት መጨረስም የተለመደ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደላትና ልጆቹ አይተዋቸው የማያውቁ የበረዶ አገር እንስሳት ከጣሪያው ሥር ተሥለው ጎብኚን ያስደስታሉ፤ ሕፃኑ ግን ዓይኑ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ ፊደል ገበታውም ሆነ የልጆቹ የራሳቸው ሥዕል በዚያው ልክ መሰቀል አለበት። ሕፃናት ጣታቸውን ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ የዘይት ቀለም ለመደርደሪያና ለመጫወቻ መግዛት አይገባም፤ በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ የተባለ መርዛማ ብረት ከሚሊዮን 90 እጅ (90 ፒፒኤም) እንዳይበልጥ በአገራችን በሕግ የተወሰነውም ለጤና ጎጂ በመሆኑ ነው።

ከሱቅ ያልተገዛን መጫወቻ ዝቅ አድርጎ ማየት ሌላው ስህተት ነው። የጨርቅ አሻንጉሊት፣ የሽቦ መኪና፣ አሮጌ ሰፌድ፣ ትንሽ ጀበናና ሲኒ ያሉበት ጥግ፣ ከቤቱ መጫወቻ አይቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ዕቃውን አውቆ ለጓደኞቹ የሚያሳይበት ቦታ ይሆናል። ጥንቃቄው ግን መዘንጋት የለበትም፤ የቆርኪ ጥርስ በመዶሻ ተጠፍጥፎ መስተካከል አለበት፣ ባቄላና በቆሎ ለመቁጠሪያ ሲቀርብም ወደ አፍንጫና ጆሮ እንዳይገባ አዋቂ ከአጠገብ መቀመጥ አለበት።

«ሶፍት፣ ሳሙናና ከለር ይዛችሁ ኑ» ብሎ በልጆች በኩል ማዘዝ እጅግ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። ያላመጣው ልጅ ያላመጣበትን ምክንያት ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ በማግሥቱም ሊቀር ይችላል። እነዚህ ዕቃዎች ከትምህርት ቤቱ ድጎማ ተገዝተው የሁሉም ሆነው በጋራ ጣሳ ይቀመጡ። ወላጅ ማገዝ ሲፈልግ ሸማኔው ቁራጭ ጨርቅ፣ ሸክላ ሠሪዋ የተቦካ ጭቃ ቢያቀርቡ መልካም ነው፤ ስብሰባው ግን የቀን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማለቅ ይኖርበታል፣ ለእነርሱ የጠፋ ቀን የጠፋ ራት ነውና።

ለእጅ መታጠቢያና ለመጸዳጃ ቤት ምንም ሳይመድቡ ዕቃ መግዛትም መቅረት አለበት። ውኃ በማይደርስበት ግቢ ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሕፃኑ በሚደርስበት ከፍታ ቢቀመጥና ሳሙናው በመረብ ከረጢት አጠገቡ ቢንጠለጠል ይበቃል። የመጸዳጃው ጉድጓድ አፍ ለትልቅ ሰው የተሠራ ከሆነ ሕፃኑ እንዳይገባበት ስለሚፈራ ሽንቱን ይይዛል፣ ኋላም ልብሱ ላይ ያመልጠዋል። ስለዚህ ጠበብ ያለ የእንጨት መቀመጫ ማሠራትና በክፍሉ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ስም ያልተጻፈባቸው ጥቂት ንጹሕ ሱሪዎችና ቀሚሶች በከረጢት ማኖር ይገባል፤ ልጁ ከመጋረጃ ጀርባ ቀይሮ፣ ማንም ስሙን ሳይጠራ፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።