ለጎሽና ለዝሆን የሚሆን ጠመንጃ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያውን ትልቅ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ «የትኛው ይበረታል?» ብሎ ይጀምራል። መጠየቅ ያለበት ግን «በየትኛው ነው ሁለተኛውን ጥይት ሳልደነግጥ የምተኩሰው?» ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ጥያቄው ከመጀመሪያው በመዛባቱ የመጡ ናቸው።

ከትከሻ አቅም በላይ መግዛት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ጎሽ ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባው፣ ዱካ ተከታዮችም ሕይወታቸውን ለአደጋ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነውና። 3.6 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ የሚተኮስ .30-06 የተባለው የተለመደ ጥይት ትከሻን በ28 ጁል (የጉልበት መለኪያ) ገደማ ይመታል። ከትላልቆቹ ጥይቶች .375 ኤች ኤንድ ኤች በ4.1 ኪሎ ጠመንጃ 55 ጁል ገደማ ይደርሳል። .458 ሎት በ4.5 ኪሎ ጠመንጃ ወደ 100 ይጠጋል። ዕድሜውን በ.30-06 ሲያድን የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሎት ከዘለለ ከሦስት እጥፍ በላይ የሆነ ምት ይጠብቀዋል። በሦስተኛው ጥይት ዓይኑን መጨፈን ይጀምራል፤ ምላጩን በዝግታ መሳብ ትቶ ይመነጭቃል፤ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋል። ለልብ የታሰበው አረር የፊት እግር ሰብሮ ያልፋል።

ልማዱን የሚያባብሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መለማመድ ነው። ወደፊት አጎንብሶ የተቀመጠ ሰውነት ከምቱ ጋር ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል ሁሉንም ይቀበላል። በደረት ተኝቶ መተኮስ ደግሞ ይብሳል። ምቱ እንዲቀንስ ብለው ሰደፉን ከከባድ የአሸዋ ከረጢት ጋር የሚያስጠጉ አሉ፤ ትከሻቸው ይተርፋል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። መነጽሩን ለማስተካከል ብቻ በጠረጴዛ ላይ ይተኩሱ፤ በአንድ ቀን ከ6 ጥይት አይበልጡ። ሌላውን ልምምድ ሁሉ ቆመው፣ በባለ ሦስት እግር ምርኩዝ ላይ ያድርጉ።

ፍርሃቱ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ከፈለጉ ጓደኛዎ ባሩድ የሌለበትን የልምምድ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ፣ እርስዎ ሳያዩ ያጉርስልዎ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ከተንቀሳቀሰ ጠመንጃው ገና አልተገራልዎትም። መለኪያችን ይህ ነው፦ በ50 ሜትር፣ ቆመው፣ የመጀመሪያው ጥይት 10 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ይግባ፤ ሁለተኛው በ4 ሴኮንድ ውስጥ ይከተለው። በ.416 (ከ.375 በሚበልጠው ጥይት) ይህን ማድረግ ካልቻሉ በ.375 ያድርጉት። በ1912 የወጣው .375 ኤች ኤንድ ኤች 19.4 ግራም (300 ግሬን) አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ጎሽም ዝሆንም ሲወድቅበት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል።

አፈሙዝ ላይ የሚጠለቅ ምት መቀነሻ መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። ትከሻን በእርግጥ ያሳርፋል፤ ድምፁ ግን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚመለስ አጠገብ የቆመውን መሪ አዳኝና ዱካ ተከታዩን ጆሮ ይጎዳል።

«ቤል በትንሽ ጠመንጃ ዝሆን ገድሏል» ማለት

እውነት ነው፤ የዝሆን አዳኙ ካራሞጆ ቤል ከ1,000 በላይ ዝሆን ጥሏል፤ ብዙዎቹንም በ7 ሚሊሜትር። የዝሆንን ጭንቅላት አናቶሚ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ የማይሰፋ ጠንካራ አረር ይጠቀም ነበር፤ መንጋዎቹም ጠመንጃን ገና አልለመዱም ነበር። ሕጉም ዛሬ አይፈቅድም፦ ናሚቢያ ለጎሽና ለዝሆን ቢያንስ 5,400 ጁል የአረር ጉልበት ትጠይቃለች፤ በታንዛኒያም ዝቅተኛው .375 ነው።

ጉልበቱን አይቶ አረሩን መርሳት

የጁሉ ቁጥር በካታሎግ ላይ ያምራል። እንስሳውን የሚገድለው ግን ቀጥ ብሎ እስከ ልብና ሳንባ የሚዘልቅ አረር ነው። ቀጭን ሽፋን ያለው፣ ለአጋዘን የተሠራ አረር በጎሽ ትከሻ አጥንት ላይ ይበታተናል፤ ጉልበቱን ሁሉ ቆዳ ሥር ይጨርሳል። ለጎሽ የመጀመሪያው ጥይት እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ ወይም ከመዳብ ብቻ የተሠራ፣ ሰፍቶ የሚይዝ አረር ይሁን። ከሥሩ ያሉት ጥይቶች የማይሰፉ ይሁኑ፤ የሚሸሽ ጎሽ ጀርባውን ሲሰጥ ከኋላ እስከ ደረት የሚደርሱት እነሱ ናቸውና። መንጋ ውስጥ ግን የማይሰፋውን አያስቀድሙ፤ አንዱን በስቶ ከኋላው ያለውን ያቆስላል። ለዝሆን ከማይሰፋው በቀር አይታሰብም፤ ከእነሱም ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነው ከክቡ ይልቅ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ሁለቱ ዓይነት አረሮች አንድ ቦታ ላይ ማረፋቸውን በወረቀት ላይ ሳያረጋግጡ ከቤት አይውጡ።

ካዝናውን ሳይፈትሹ መግዛት

ሱቅ ውስጥ ቦልቱን ሁለት ጊዜ ጎትቶ መርካት ፈተና አይደለም። ካዝናውን በልምምድ ጥይት ሞልተው በሙሉ ኃይል ያጉርሱ፤ በዝግታም፣ ጠመንጃውን አዘቅዝቀውም ይሞክሩ። እንደ ማውዘር 98 ሰፊ ጥፍር ያለው ቦልት ጥይቱ ከካዝና ሲወጣ ጀምሮ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በድንጋጤ ቦልቱን ግማሽ መንገድ ጎትቶ የመለሰ ሰው ሁለተኛ ጥይት ከፊተኛው ጀርባ አይሰካም። የካዝናው ወለል በምት እንዳይከፈት መቆለፊያውን ይዩ። አረሩ ቀለሁ ውስጥ አጥብቆ ካልተያዘ ደግሞ ከላይ ያለው በተተኮሰ ቁጥር ከሥር ያሉት ወደ ውስጥ ይገፋሉ፤ ግፊቱም ከፍ ይላል።

ትንንሾቹ

የማንገቻው ቀለበት በርሜሉ (የብረት ቱቦው) ላይ ይሁን፤ እንጨቱ ላይ ከሆነ በምቱ የግራ እጅ ጣት ይቆርጣል። ሰደፉን የሚያጠናክሩ ሁለት የብረት ብሎኖች ይኑሩ፤ ቦልቱ ከሚገባበት ብረት ጭራ ጀርባ 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ከሌለ እንጨቱ እዚያ ይሰነጠቃል። መነጽሩ ከ1 እስከ 6 የሚያጎላ፣ ከዓይን ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር የሚርቅ ይሁን፤ አለበለዚያ ቅንድብ ይሰነጥቃል። የመያዣዎቹ ብሎኖች በ6-48 ፋንታ ወፍራሙ መጠን 8-40 ይሁኑ፤ ቀጫጭኖቹ ይቆረጣሉ።

ባለ ሁለት አፈሙዙን ለውበቱ መግዛት

.470 ናይትሮ ኤክስፕረስ የሚተኩስ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በቅርብ ርቀት ሁለተኛውን ጥይት ለመድገም ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ሁለቱ አፈሙዞች የተገጣጠሙት ለአንድ ዓይነት ጥይት ነው። ጥይቱ ከዚያ ከፈጠነ የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ይመታል፤ ከዘገየ ይራራቃሉ። የተገጣጠመበትን ጥይት ዓይነትና ክብደት ሻጩ ካልነገርዎ አይግዙ። ግድግዳቸው የሳሳ አሮጌ አፈሙዞች ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ ቅይጥ የተሠራ ጠንካራ አረር ሲያልፍ የውስጡ ጠመዝማዛ መስመር በውጭ ጎልቶ የታየባቸው አሉ።

ሙቀቱንና መልክዓ ምድሩን አለማሰብ

.416 ሪግቢ በ1911 ሲሠራ ቀለሁ ሰፊ የተደረገው የዘመኑ ኮርዳይት ባሩድ በሞቃት አገር ግፊቱ ስለሚጨምር ነበር። ዛሬም በብርዳማ አገር እስከ ጫፍ ተሞልቶ የተፈተነ ጥይት የኦሞ ሸለቆ ፀሐይ ላይ በመኪና ውስጥ ቢውል ቀለሁ ከክፍሉ ሊነቀል እንቢ ይላል። ጥይቱን ራስዎ የሚሞሉ ከሆነ ባሩዱን ትንሽ ይቀንሱ፤ ጥይቱንም በጥላ ያኑሩ።

በኢትዮጵያ የሚያድን ሰው ሌላም ፈተና አለው። ለጎሽ የመጣበትን .458 ይዞ ባሌ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ቢወጣ፣ በ100 ሜትር ያስተካከለው 500 ግሬን አረር በ200 ሜትር ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ወርዶ ይመታል። ተራራ ላይ ደግሞ ሸለቆ ተሻግሮ መተኮስ የተለመደ ነው። አንድ ጠመንጃ ብቻ ይዘው ለሁለቱም የሚመጡ ከሆነ .375ን ይያዙ። ጥይቱንም ቆጥበው ይጫኑ፤ ብዙ አየር መንገዶች ከ5 ኪሎ በላይ አይቀበሉም፣ ቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈውም በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ካለው የጠመንጃ ዓይነት ጋር አንድ መሆን አለበት።