ሦስተኛውን ስፓይደርማን ስንመኝ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሠፈር ውስጥ ለውስጥ ገባ ስትሉ ከምታገኟቸው ፕሌይስቴሽን ቤቶች በአንዱ ነው ነገሩ የተጀመረው። መብራት ጠፍቷል። ፊፋ ሊጫወቱ የመጡት ልጆች ደጅ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። እኛ አራት ሆነን ውስጥ ቀረን። ጆይስቲክ ይዘን፣ የጠፋ ቴሌቪዥን እያየን፣ ስለ ስፓይደርማን እናወራለን። ሦስተኛው ጌም ሲመጣ ምን ምን ይኑረው?

መብራት እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ያልተመኘነው ነገር የለም።

ሠሪዎቹ ኢንሶምኒያኮች አሁን እጃቸው ላይ ያለው ለ2026 የቀጠሩት ዎልቨሪን የሚባል ሌላ ጌም ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ስለዚህ ለመመኘት ጊዜ አለን። ግን ያን ቀን የተመኘናቸውን ቤቴ ገብቼ አንድ በአንድ ሳስባቸው፣ አብዛኞቹ ቢፈጸሙልን ጌሙን የሚገድሉት ሆነው አገኘኋቸው። የኔም አሉበት።

“ማፑ ይስፋልን”

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። የ2018ቱ ጌም ማንሃተን ብቻ ነበር። በ2023 የወጣው ሁለተኛው ኩዊንስንና ብሩክሊንን ጨመረ፤ ከተማው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ወንዙ ላይ ድር የሚጣበቅበት ሕንፃ ስለሌለ ለጀግናው ክንፍ ሰጡት። ክንፉ አሪፍ ነው፣ አልክድም። አሁን ደግሞ ብሮንክስም ይግባ፣ ሌላም ይግባ እያልን ነው።

ማፕ ሲሰፋ ግን ባዶውን አይተዉትም። ምልክት ይዘሩበታል። እዚህ ጋ ቦርሳ ፈልግ፣ እዚያ ጋ ፎቶ አንሳ፣ እዚያ ማዶ ሌባ ደብድብ። በመጀመሪያው ጌም ፒተር (ከጭምብሉ ጀርባ ያለው ሰው) በየሕንፃው ጥግ በድር ለጥፎ የረሳቸው 55 የጀርባ ቦርሳዎች ነበሩ። አንድም ሳይቀረኝ ለቅሜያቸዋለሁ። ውስጣቸው ምን እንደነበር ንገረን ብትሉኝ ግን አምስቱን አልቆጥርላችሁም።

እኛ የጣና ዳር ሰዎች ይህን ነገር ከማንም በፊት ልናውቀው ይገባ ነበር። እምቦጭ ከሩቅ ያምራል። አረንጓዴ ነው፣ አበባው ደስ ይላል፣ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ጠጋ ስትሉ ታንኳ አያሳልፍም፣ መረብ አያስጥልም። ምልክት የሞላበት ማፕም እንደዚያው ነው።

ሁለተኛው ጌም ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ሚሽን አለች። ሃዋርድ የሚባል የጎዳና ሽማግሌ አለ፣ ርግቦች ያሉት። በመጀመሪያው ጌም የጠፉበትን ርግቦች እያሳደድን ይዘንለታል። በሁለተኛው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ርግቦቼን ወደ አዲስ ቤታቸው አድርስልኝ ይላል። ድብድብ የለም። ክንፋችሁን ዘርግታችሁ ከርግቦቹ ጋር በከተማው ላይ ትበራላችሁ። በቃ፣ ይኸው ነው። ርግቦቹ ሲደርሱ ሽማግሌው አርፏል።

ይህን ስጫወት ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁ ሦስት የፊፋ ልጆች ነበሩ። ሌላ ጊዜ “አይበቃህም እንዴ?” እያሉ የሚነዘንዙኝ ናቸው። ያን ቀን ትንፍሽ ያለ የለም። ጣናን ለመውደድ 37ቱንም ደሴት መርገጥ እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ ለኔ እንዲህ ያሉ አምስት ሚሽኖች ከአንድ ሙሉ ክፍለ ከተማ ይበልጡብኛል።

“ጠላት አብዙልን”

በመጀመሪያው ጌም ስድስት ጠላት ግር ብሎ መጣብን። ዶክተር ኦክቶፐስ፣ ሚስተር ኔጌቲቭ፣ ኤሌክትሮ፣ ቫልቸር፣ ራይኖ፣ ስኮርፒየን። ኤሌክትሮንና ቫልቸርን አንድ ላይ፣ ራይኖንና ስኮርፒየንን አንድ ላይ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገን ጨረስናቸው። ዛሬ ስለ ራይኖ ምን ታስታውሳላችሁ? እኔ ትልቅነቱን ብቻ።

ዶክተር ኦክቶፐስ የሚሆነውን ኦቶ ኦክታቪየስን ግን ማን ይረሳዋል? ጌሙ ሲጀምር ሰውየው የፒተር አለቃ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ አብረን ሰው ሠራሽ እጅና እግር ስንሠራ እንውላለን። ገንዘብ ሲቋረጥበት እናያለን። በከንቲባው በኖርማን ኦዝቦርን ላይ የያዘው ቂም ቀስ እያለ ሲበስል እናያለን። ሕመሙ አንድ ቀን ሰውነቱን እንደሚያሽመደምደው እንሰማለን። ስለዚህ መጨረሻ ላይ በእነዚያ በብረት እጆቹ ሲደበድበን የሚያመው ቡጢው ብቻ አይደለም። የማታውቁት ሰው መንገድ ላይ ቢሰድባችሁ ትታችሁት ታልፋላችሁ። አብራችሁት የበላችሁት ሰው ሲሆን ነው እንቅልፍ የሚነሳችሁ።

ሁለተኛው ጌም እዚህ ላይ ነው የተቻኮለው። ክሬቨን ብዙ ቦታ ያዘ፤ ቬነም ሲመጣ ነገሩ ወደ ማለቁ ነበር። አሁን ደግሞ ኖርማን አለ። ልጁ ሃሪ ራሱን ስቶ ተኝቷል፣ አባትየው በንዴት ነዷል። ኖርማን አረንጓዴው ጎብሊን የሚባለው ጠላት ሆኖ ሊመጣ እንደሆነ ያልገባው የለም። የኔ ልመና አንድ ነው፤ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ልጁ አልጋ አጠገብ ቁጭ የሚል አባት አድርጋችሁ አሳዩን። ጭምብሉ ይደርሳል።

“ልብስ ይጨመር”

ሁለተኛው ጌም ሲወጣ ከ65 በላይ ልብስ ነበረው። ቁም ሳጥኑ ከኔ ሙሉ ቤት ይበልጣል። ይብቃን።

ይልቅ በልብሱ ብዛት የጠፋብን ነገር አለ፤ የፒተር ድህነት። የመጀመሪያው ጌም ላይ ፒተር ከተማውን አድኖ ቤቱ ሲመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል። ኪራይ አልከፈለም፣ ተባሯል። ዕቃው ተጥሏል። ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ሰው ዕቃውን ፍለጋ የቆሻሻ መኪና ሲከተል ታዩታላችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ኪራይ ጨመርኩ የተባለ ሰው ይህን ሲያይ ንዑስ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ወር ሲደርስ አከራይ ላለማግኘት በጓሮ በር የወጣ ሰው ሁሉ ስፓይደርማን ነው።

ሦስተኛው ጌም ላይ ፒተር ሀብታም ድርጅት ከፍቶ፣ የሚያብለጨልጭ ላብራቶሪ ውስጥ ሆኖ እንዲመጣ የሚመኙ አሉ። እኔ ግን መልሱልን እላለሁ። ኪራዩን መልሱ። የቀረበትን ቀጠሮ፣ የዘለለውን ምሳ መልሱ።

“ኦንላይን ይሁንና አብረን እንጫወት”

ይህን የተመኘው ጓደኛዬ ነው። አራታችን አንድ ላይ በከተማው ላይ ስንወዛወዝ እየሳለ ሲያወራው ደስ ይላል።

የሆነውን እንይ። በ2020 አቬንጀርስ የሚባል ጌም ወጣ፤ በየጊዜው እየተጨመረበት ለዓመታት እንዲኖር የታሰበ። መስከረም 30 ቀን 2023 ከገበያ ወረደ። ሮክስቴዲዎች ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በባትማን አርካም ጌሞች ስማቸውን የተከሉ ሰዎች ናቸው። እነሱም በ2024 ሱሳይድ ስኳድን ይዘው በዚሁ መንገድ መጡ። ጌሙ ሲወጣ ብቻችሁን ብትጫወቱ እንኳ ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም ነበር። ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ያደረጉት ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ተጫዋቹ ግን ቀድሞ ሄዷል።

ሌላው ቢመኘው ይመኘው። እኛ ግን እዚህ ከተማ ቁጭ ብለን? ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ ያልነበረን ሰዎች? ያኔ ያጫወተን ዲስኩ ነው። ስፓይደርማን ዲስኩ ገብቶ መብራት እስካለ ድረስ ማንንም አይለምንም። የኮምፒውተሩን ሁለተኛ ጌም ብታወርዱት 140 ጊጋ ባይት ነፃ ቦታ ይጠይቃችኋል፤ በሞባይል ዳታ የሞከረው ጎረቤቴ ግማሽ ላይ ሲደርስ ካርድ መሙላቱን ተወው። አብሮ መጫወት ካማራችሁ ወንበር ሳቡና ተራ ጠብቁ። እኛ እንደዚያ ነው የምናደርገው፤ የሞተ ያስረክባል።

ኩሬ መቁጠር

2018 ላይ ትሬይለሩ ላይ የነበረው ኩሬ ጌሙ ላይ አንሷል ብለው አድናቂዎች ጩኸት አቀለጡ። ግራፊክሱን ቀንሰውብናል ተባለ። ሠሪዎቹ በኋላ ፎቶ ማንሻው ውስጥ የኩሬ ስቲከር ጨምረው ቀለዱባቸው። ደግ አደረጉ። ኩሬ የሚፈልግ ሐምሌ ላይ ሠፈራችን ይምጣ።

“ቶሎ ይውጣ” የሚለውም ከዚሁ ወገን ነው። የባትማኑ አርካም ናይት በ2015 ለኮምፒውተር ሲወጣ ከመበላሸቱ የተነሳ ሽያጩን አቁመው እስከ ጥቅምት አስጠበቁን። ሁለተኛው ስፓይደርማንም ያገኙትን ሁሉ ይዞ እንደገና ከመጀመሪያ መጫወት የሚያስችለውን ነገር ሳይዝ ወጥቶ፣ በመጋቢት 2024 ነው የጨመረው። ይቆይ፣ ይብሰል።

“ስፓይደርማን ባሕር ዳር ይምጣ”

ይህ የኔ ነው፤ አልደብቅም። ለዓመታት ተመኝቼዋለሁ። ችግሩ ግን ቀላል ነው፤ ድሩ የሚጣበቀው ሰማይ ላይ ሳይሆን ሕንፃ ላይ ነው። ደስታውም ያለው እዚያው ነው። ሁለተኛው ጌም ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመወዛወዙን እገዛ ከ10 ወደ 0 ማውረድ ትችላላችሁ፤ ከከፍታ ሲወድቅ እንዲጎዳም ማድረግ ይቻላል። ሞክሩት። ያኔ ነው እያንዳንዱ ሕንፃ የሚቆጠረው። አሁን ይህን ሰው ከጊዮርጊስ ተነስቶ ወደ ፔዳ ሂድ በሉት። ዘንባባ ለዘንባባ እየዘለለ ሲለፋ ባጃጅ ይቀድመዋል።

ደግሞስ ማን በትክክል ይሠራልናል? ሁለተኛው ጌም ላይ ከፒተር ሌላ ስፓይደርማን የሆነው የማይልስ ቤተሰብ ቤት ውስጥ የፖርቶ ሪኮ ባንዲራ መሆን ሲገባው የኩባ ሰቅለው ወጡ፤ በኋላ ነው ያረሙት። ማይልስ የዋናው ጀግና እኩያ ነው። እሱን እንዲህ ካደረጉት ጣናን በግመል ያሻግሩናል።

ከዚያ ይልቅ እዚሁ የተወለደ ጀግና ቢኖር ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ። በአየር ሳይሆን በውሃ የሚሄድ። የደንገል ታንኳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲነሳ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል። እየቆየ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ባለቤቱ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህ እኮ ያለቀለት የጌም ሕግ ነው! ከዘጌ ስትነሱ ፈጣን ናችሁ። በየደቂቃው ትከብዳላችሁ። ጠላት ከኋላ ይመጣል፤ ቀጥ ብላችሁ ትቀዝፋላችሁ ወይስ ደሴት ላይ ወጥታችሁ ታደርቃላችሁ? ስፓይደርማንን ይዘን እዚህ ከምንጎትተው ይህን የሚሠራልን አንድ ጎበዝ ልጅ ከፖሊ ካምፓስ ቢነሳ ይሻለኛል።

የመጨረሻዋ ምኞቴ ትንሽ ናት፣ ግን ከልቤ ነው። በጋራ ማሽን የምንጫወት ሰዎች አለን። ሴቭ ስናደርግ ስም የምንጽፍበት፣ ቁልፍ ያለው ቦታ ስጡን። ባለፈው ክረምት የመጀመሪያውን ጌም ሊያልቅልኝ ሲል አንድ ሕፃን “ሸረሪቱን ክፈቱልኝ” ብሎ የኔ ላይ አዲስ ጀመረ። ቦርሳዎቼ ሁሉ ሄዱ። የቤቱ ባለቤት ይቅርታ ብሎ አንድ ሰዓት በነፃ ሰጠኝ።

ልጁን በኋላ አገኘሁት። ጆይስቲኩን በሁለት እጁ አንቆ ይዟል። ፒተር ቤቱ በር ላይ ደርሶ ወረቀቱን እያነበበ ነው። ምን ይላል አለኝ። ኪራይ ስላልከፈለ አስወጥተውታል አልኩት።

“ስንት ወር ቀርቶበት ነው?” አለኝ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።